የተቀቀለው ክር

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰላም ስልክ ደወለችልኝ። ሰላም የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ እዚሁ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ እኔ ባለሁበት ፎቅ ላይ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ እያዋዛች የምትናገር፣ ከጓደኞቿ ጋር ባንድ መሥርታ ቤዝ ጊታር የምትጫወት ልጅ።

«አንክል፣ ስትሪንግ ልገዛ መጥቼ ሾፑ ውስጥ ነኝ» አለችኝ። «ሰውየው ግድግዳ ሙሉ አሳየኝ። ሲሪየስሊ ግራ ገባኝ። የቱን ልውሰድ?»

«እጅሽን ያምሻል?»

«ኖ፣ አንክል። እጄ ፋይን ነው።»

«እንግዲያው የወደድሽውን ውሰጂ። ለደኅና እጅ ሁሉም ክር ነው።»

የቀለድኩ መስሏት ሳቀችና «አሳንቴ፣ አንክል» ብላ አመስግናኝ ዘጋችው። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በረንዳው ላይ ቆየሁ። ከፊት ለፊቴ እንደተለመደው ሌላ ፎቅ እየተሠራ ነው፤ ሲሚንቶ የሚያቦካው ማሽን ይንጫጫል። እኔም አንድ ጊዜ ክር ለመምረጥ ወደ መሀል ከተማ፣ ሪቨር ሮድ የወረድኩበት ቀን ትዝ አለኝ። በወጣትነቴ ብዙ ነገር መርጫለሁ ለማለት አልደፍርም፤ በእኛ ዘመን ምርጫ ብርቅ ነበር። ያን ክር ግን መርጬዋለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የከፍተኛ ኪነት ቡድን ቤዝ እጫወት ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ግርማ ደግሞ አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ሁለታችንንም ከቤት ወሰዱን። ምን እንዳደረግን የነገረን የለም። የፊጥኝ አስረው ስላቆዩኝ የግራ እጄ ሦስት ጣቶች በድን ሆነው ቀሩ። ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ፤ የነኩትን ግን አያውቁም። ግርማን አንድ ማለዳ ስሙን ጠርተው ከመካከላችን ወሰዱት። ጠሪው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ በሩ ተዘጋ፤ በክፍሉ ውስጥ የቀረነው ሁላችንም ወለሉን ማየት ያዝን። ግርማ አልተመለሰም። እኔ ከጊዜ በኋላ ተፈታሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ ስናገር የሌላ ሰው ታሪክ የማወራ ይመስለኛል። በቡድናችን ውስጥ ስዩም የሚባል ጊታር ተጫዋች ነበር፤ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ያንሳል፣ በወሬ ግን ይበልጠኛል። በሞያሌ በኩል ያሻገረኝ እሱ ነው። አሻገረኝ የምለው ነገሩ እንዲያ ስለሆነ ነው፤ ና ሲለኝ መጣሁ፣ በከብት ጭነት መኪናው ላይ ውጣ ሲለኝ ወጣሁ። ከማርሳቢት ወዲህ ያለው መንገድ አቧራው ዓይን አያስገልጥም ነበር፤ ስዩም ፎጣውን አርጥቦ አፍና አፍንጫዬን ሸፈነልኝ። ናይሮቢ ስንደርስ የአገር ሰዎች «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ» አሉን። አሜን አልኩ። ሲያቀርቡልኝ እበላለሁ፣ ሲመሽ እተኛለሁ፣ ሰው ሲስቅ እኔም ጥርሴን አሳያለሁ። ለግርማ አላለቀስኩም። ለማልቀስ ሞክሬ ነው አላለቀስኩም የምለው፤ እንባ በልመና አይመጣም።

ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ግቢ ጓሮ ያለች ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ከስዩም ጋር አብረን መኖር ጀመርን። ሥራ የሰጡን ጋሽ ክፍሌ ናቸው፤ ሳክስፎን ይጫወታሉ፣ በንጉሡ ጊዜ ከወታደር ባንድ የወጡ፣ ክራባታቸውን ሳያስሩ ልምምድ የማይጀምሩ ሰው። ከእሳቸው ሌላ አንድ ከበሮ መቺና ዘውዴ የምትባል ድምፀ መልካም ዘፋኝ ነበሩን። የምንጫወተው በልደት፣ በክርስትናና በሠርግ ላይ ነበር። ቤዝ ጊታሩ የጋሽ ክፍሌ ነው፤ ለእኔ ያዋሱኝ ቦታው የእኔ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው።

ችግሩ ልምምድ ላይ ወጣ። አንድ ቀን የሠርግ ዘፈን እየተለማመድን ሳለ ዘውዴ ድንገት መዝፈኗን አቆመችና የጊታሩን አንገት በጣቷ አመለከተች። ደም ነበር። የግራ እጄ ጣቶች በክሩ ተልጠው ደሙ በእንጨቱ ላይ እየወረደ ነው፤ እኔ አልሰማሁትም። ሕመም መጥፎ ነገር ነው ይባላል፤ ግን ሰው ካላመመው ስህተቱን በምን ያውቃል? የት እንደምጫን ስለማይሰማኝ ክሩን አንዳንዴ ከልክ በላይ እጫነዋለሁ፣ አንዳንዴ አጉል ለቀቅ አደርገዋለሁ፤ ያኔ ድምፁ ይንዛረጣል። ጋሽ ክፍሌ ይሄን ሁሉ ከሰሙ ቆይተዋል። ሌሎቹ ሲወጡ እኔን አስቀሩኝ።

«ልጄ፣ ላቪንግተን ያለው ሠርግ ቀላል ሠርግ አይደለም» አሉኝ። «የሙሽራዋ አባት የትልቅ መሥሪያ ቤት ሰው ናቸው፤ የአንድ ሆቴል ባለቤትም ይመጣል። ከወደደን በየሳምንቱ መጨረሻ እዚያ መጫወታችን ነው። አንተን ማጣት አልፈልግም። ግን እጅህ እስከ ቅዳሜ መላ ካላገኘ አንድ ኮንጎሌዝ ልጅ አለ፣ እሱን እጠራለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ትክክል ነበሩ። ቤዙን ካስረከብኩ በዚህ ምድር ላይ ሙሉጌታ የሚባል ሰው ምን እንደሚሠራ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰው አልነበረኝም። ይህንን ሳስብ እንኳ ያሰብኩት ስለ ሌላ ሰው እንደማስብ ሆኜ ነው።

ወቅቱ የሐምሌ ብርድ ነው። ናይሮቢ በሐምሌ ፀሐይን ትደብቃታለች፤ ሰማዩ ግራጫ፣ ጭቃው ቀይ፣ ሰዉ ሹራብ ለባሽ ነው። የሐዋርያት ጾም ወጥቶ ፍልሰታ እስኪገባ ያለችው ጊዜ አጭር ስለሆነች የሐበሻ ሠርግ ሁሉ በእሷ ውስጥ ይታጨቃል። ቤዙን በጨርቅ ከረጢቱ ተሸክሜ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ከረጢቱን ነካ ነካ አድርገው «ሬሳ ነው ወይ?» ብለው በስዋሂሊ ጠየቁኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ጥርሴን አሳየሁ። ከተማ ወርጄ ከአንዲት ባለ ከሰል ሴት ላይ በርበሬና ሎሚ የታሸ የበቆሎ ጥብስ ገዛሁ። ሎሚው የተላጠው ጣቴ ላይ ሲገባ አየሁት፤ አላቃጠለኝም።

ሱቁ የአንድ ህንዳዊ ሽማግሌ ነበር። ራዲዮ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ኳስና ጊታር በአንድ ላይ ይሸጣሉ። ስለ ሙዚቃ ብዙም የሚያውቁ አይመስሉም፤ የሚያውቁት የቱ እንደሚሸጥና የቱ እንደማይሸጥ ነው። ሦስት እሽግ አወጡልኝ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ጥቂት ላስረዳ። የቤዝ ክር መሐሉ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ሽቦ አለው፤ በእሱ ላይ ሌላ ሽቦ ይጠመጠምበታል። የሚጠመጠመው ክብ ሽቦ ከሆነ ክሩ እንደ ሞረድ ይሻክራል፤ ድምፁ ግን ይጮሃል፣ ይረዝማል። በዚያ ዘመን ናይሮቢን የያዙት የኮንጎ ባንዶች ሁሉ የሚወዱት እሱን ነው። የሚጠመጠመው ጠፍጣፋ ጥብጣብ ከሆነ ግን ክሩ ይለሰልሳል፣ ጣት ያንሸራትታል፤ ድምፁ ጠቆር ያለና አጭር ነው፣ ዱም ብሎ ያበቃል። እኔ እንዲህ ያለውን ያየሁት ልጅ ሳለሁ፣ ከንጉሡ ዘመን በተረፈ የአንድ ሆቴል ጊታር ላይ ነው። ስዩምና የእሱ እኩዮች አላዩትም።

ከሦስቱ እሽግ አንዱ የተለመደው ሻካራው ነው፤ ወዲያው መለስኩት። የቀሩት ሁለቱም ጠፍጣፎች ናቸው፤ ልዩነታቸው ውጥረታቸው ነበር። አንደኛው ሲቃኝ ይገተራል፤ ድምፁ ሙሉ ነው፣ ለመጫን ግን ጉልበት ይጠይቃል። ሁለተኛው ተቃኝቶም ላላ ይላል፤ ትንሽ ሲነኩት ይወርዳል፤ ነገር ግን በኃይል ከመቱት ተወዛውዞ በጊታሩ አንገት ላይ ካሉት ብረቶች ጋር ይጋጫል። ሽማግሌው ከየእሽጉ አንዳንድ ክር አስረው እንድሞክር ፈቀዱልኝ። የተገተረውን ስጫን ዓይኔን ከጣቴ ላይ ማንሳት አልቻልኩም፤ ካላየሁት ይስተኛል። የላላውን ስጫን ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ያንን ማንም አይገዛኝም» አሉ ሽማግሌው በእንግሊዝኛ። «ሙዚቃ የለውም። አቧራ ሲጠጣ ስንት ዘመኑ።»

አዲስ አበባ ውስጥ የምታወቀው በኃይል በመምታቴ ነበር። ጎረምሶች ድምፅ ማጉያው ሥር ቆመው ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ይሰሙኝ ነበር። ይህን ክር ካሰርኩ እንደዚያ መምታት እስከ መጨረሻው ቀረ ማለት ነው፤ ቀኝ እጄም የግራውን ያህል መለሳለስ ነበረበት። ሌላ ሰው ይህን ሲያስብ ቅር ይለው ነበር። እኔ ችክችካ ሲመታ ቤዝና ከበሮ አንድ ናቸው፣ አጭር ድምፅ ለሠርግ ይበቃል ብዬ በራሴ አስልቼ የላላውን ወሰድኩ። እዚያው አራቱንም አሰርናቸው፤ አሮጌዎቹን ሽማግሌው ጠቅልለው ቆሻሻ ውስጥ ጣሉልኝ።

ቤት ገብቼ ስጫወት ስዩም አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ያዳምጥ ነበር። ደጋግሞ ወደ እኔ ያያል፤ ሊናገር ብሎ ይተወዋል። በመጨረሻ «አዲስ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እሺ» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ሳስረዳው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ነገር ማስረዳት ድንጋይ የማንሳት ያህል ይከብደኝ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን የሚያውቀው በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር የያዘ ሰው ብቻ ነው። ክር ከውጭ አይገባም ነበር። ስለዚህ ያረጀ ክር አይጣልም፤ ይቀቀላል። ላብና እድፍ ሲጠራቀምበት ድምፁ ይሞታል፤ ያኔ ተፈትቶ በድስት ይፈላል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ መልሶ ይታሰራል፤ ለጥቂት ቀን ነፍስ ይዘራል። እያንዳንዱ ባንድ ለዚሁ የተለየ ድስት ነበረው። ጋሽ ክፍሌ ናይሮቢም ሆነው «ጊታር መቺ ቤት ሾርባ አትጠጡ፣ ብረት ብረት ይላል» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። ክር መቀቀል የሙያችን ግማሽ ነበር፤ የጓደኛን ክር መቀቀል ደግሞ ልብሱን አጥቦ እንደመስጠት ያለ ውለታ ነው።

አርብ ቀን ለሠርጉ የምለብሰውን ኮት ከአንድ የአገር ልጅ ልዋስ ኢስሊ ሰፈር ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ስዩም በላምባ ምድጃው ፊት ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ድስቱ ይፈላል። ቤዙ አልጋዬ ላይ ራቁቱን ተጋድሟል።

«ገና ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል» አለኝ፤ ፊቱ በእንፋሎቱ ወዝቷል። «ያ ሽማግሌ የሞተ ክር ነው የሸጠልህ ሙሌ። አትጨነቅ፣ እቀሰቅስልሃለሁ።»

ኮቱን ሚስማር ላይ ሰቀልኩ። ክሮቹን አወጣቸው፣ በፎጣ አደረቃቸው፤ በጫፋቸው ተጠምጥሞ የነበረው ቀይ ፈትል ተልጦ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ነበር። እሱ ያቀብለኛል፣ እኔ አስራለሁ። ማለስለሻቸው ታጥቦ ሄዶ ጣት ላይ ይጣበቁ ነበር። እንዲህ ያለ ክር አንዴ በመቃኛው ላይ ተጠማዝዞ ከታሰረ በኋላ ተፈትቶ መልሶ መጠምዘዝን አይወድም። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እንደምንም ቃኘሁ። አራተኛው፣ ወፍራሙ፣ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ከመቃኛው ሥር ቀጭ ብሎ ተበጠሰ።

ያኔ ከውስጤ የሆነ ድምፅ ወጣ። «ለምን?» አልኩ። መጀመሪያ በዝግታ ነው ያልኩት። ከዚያ ተነሣሁ፣ ድስቱን ከነውኃው በበሩ በኩል ወረወርኩት፣ «ለምን? ለምን? ሳትጠይቀኝ ለምን?» እያልኩ መጮህ ጀመርኩ።  የግቢው ሰው በራፋችን ላይ ተሰበሰበ፤ አንዲት ሴት «ፖሌ፣ ፖሌ» እያለች ታባብለኛለች። እኔ አላቆምኩም። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ያለ ድምፅ ያለኝ አይመስለኝም ነበር።

ስዩም ከተቀመጠበት አልተነሣም። እጁ ገና እርጥብ ነበር። እንደሚመቱት ልጅ አንገቱን ደፍቶ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀና አለና መለሰልኝ።

«ጨንቆኝ ነው» አለ። «ከሞያሌ ጀምሮ አይሃለሁ። አትስቅ፣ አታለቅስ። ደምህ ሲፈስ አታውቅም። ክሩ ሞቶ ስትጫወትበት ሳይ፣ ይሄ ሰው ጆሮውም ሄደ፣ የሞተውን ካልሞተው መለየት አቃተው አልኩ። አንተ ካልሰማህ እኔ ልስማልህ አልኩ። ሌላ የማደርግልህ ነገር ጠፍቶኝ ነው። ስደበኝ። ዝም ብቻ አትበለኝ፤ ዝምታህን አልችለውም።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ብዙ አልነበረም። ሰዎቹ ተበተኑ፤ ስዩም ሄዶ ድስቱን ከጭቃው ውስጥ አንሥቶ አመጣ፣ አጥቦ ሻይ ጣደበት። ሻዩ ብረት ብረት ይል ነበር። እንደዚያው ጠጣነው፤ ሱቁ ያን ጊዜ ተዘግቷል፣ በማግስቱም በማለዳ ላቪንግተን መገኘት ነበረብን።

ሠርጉ በሰፊ ግቢ ውስጥ በተተከለ ድንኳን ነበር። ጋሽ ክፍሌ ክራባታቸውን እያጠበቁ ቤዙን አዩት።

«ወፍራሙ የታለ?»

«ተበጠሰ ጋሼ።»

ስዩም ሊናገር አፉን ሲከፍት በዓይኔ ከለከልኩት። ጋሽ ክፍሌ ጣቶቼን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ከዚያ እንድጫወትላቸው ጠየቁኝ፤ ጥቂት ተጫወትኩላቸው።

«አይንዛረጥም» አሉ። ለራሳቸው ነው ያሉት። ወደ ዘውዴ ዞረው፣ «ዛሬ ዘፈኖቹን ሁሉ ከፍ አድርገን ነው የምንጀምረው፤ ትችያለሽ?» አሏት። ወትሮ ባንድ የሚቃኘው ለዘፋኝ ነው፤ ያን ቀን ግን ወፍራሙ ክር የሚያወጣው ዝቅ ያለ ድምፅ ስለሌለኝ ዘፋኟ ለእኔ ልትቃኝ ነው። ዘውዴ ወገቧን ይዛ ሦስቱን ክሮች አየቻቸው፣ «መቼስ ሠርግ ነው፣ መጮህ ያምርብኛል» አለች።

ቀኑን ሙሉ በሦስት ክር ተጫወትኩ። ድምፁ ከሩቅ ሰፈር እንደሚሰማ ከበሮ ነበር፤ ትከሻ ለሚመታ ሰው ግን ይበቃል። ጣቴን አላየሁትም፣ አልደማሁም። የሙሽራዋ አባት ኮታቸውን አውልቀው ወረዱበት፣ የሆቴሉ ባለቤት በእግሩ ይመታ ነበር። ስንጨርስ ዊምቢ በሚሉት የዳጉሳ ዱቄት ከተጋገረው እንጀራ ላይ ቁርጥ አቀረቡልን። ጋሽ ክፍሌ አጠገቤ ተቀምጠው ጎረሱና፣ «ኮንጎሌዙን አልጠራውም፤ ቦታው ያንተ ነው» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ። ደስታ ይመጣ እንደሆነ ትንሽ ጠበቅሁ። አልመጣም። ሥጋው ግን ጥሩ ነበር፤ ጥሩ መሆኑን ማወቄን አስታውሳለሁ።

በዚያ ቦታ ብዙ ዘመን ቆየሁ። ደርግ ወደቀ፤ ብዙዎች ተመለሱ፣ እኔ በሆቴሉ ሥራና በልምድ ተይዤ እዚሁ ቀረሁ። ስዩምም ቀረ። ትዳር ያዘ፣ ልጆች ወለደ፣ በመጨረሻም ታሞ እዚሁ ናይሮቢ፣ ላንጋታ ተቀበረ። የአርቡን ነገር አንሥተን አናውቅም፤ ሲያፍር አይቼው ስለማውቅ እኔም አላነሣሁበትም።

አሁን ሳስበው ግን የዚያን ዕለቱ ጩኸት ለክር የሚሆን ጩኸት አልነበረም። «ሳትጠይቀኝ ለምን?» የሚለው ቃል መባል የነበረበት በዚያ ማለዳ፣ ጠሪው የግርማን ስም ጠርቶ ወረቀቱን ሲያጥፍ ነበር። ያን ጊዜ በአፌ አልመጣም፤ ቢመጣም እኔንም ያስወስደኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሊጠየቁ የሚገባቸው ሰዎች ተበተኑ፤ ከፊሎቹ ሞቱ፣ አንዳንዶቹ ልጅ አሳድገው በሰላም አርጅተዋል ሲባል እሰማለሁ። አንዳቸውንም አላገኘሁም፣ ባገኝም የሚመልሱልኝ አይመስለኝም።

በሕይወቴ ለምን ብዬ የጮህኩት በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው። ምንም ያልበደለኝ ሰው ነበር። እሱ ግን እጁ እንደራሰ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ፣ መልስም ሰጠኝ።